የእናት ዓይን ደም ቅዳ በጤናማ እርግዝና፦ የዶፕለር አልትራሳውንድ ምርመራ ከአርጆና ከወለጋ ከተሞች አንጻር ሲዳሰስ

በእርግዝና ወቅት የእናት የደም ዝውውር የሚመረመርባቸው ቦታዎች ለረጅም ዘመን ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው የደም ግፊት የሚለካበት ክንድ ሲሆን ሁለተኛው ወደ ማህፀንና ወደ እንግዴ ልጅ ደም የሚወስዱት ሥሮች ናቸው። ካለፉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ በእነዚህ ላይ ሦስተኛ ቦታ ተጨምሯል፤ እርሱም ከዓይን ኳስ በስተጀርባ የሚያልፈው የዓይን ደም ቅዳ ነው። ደም ቅዳ ከልብ የሚወጣውን ደም ወደ አካል ክፍሎች የሚያደርስ ሥር ሲሆን፣ የዓይኑ ደም ቅዳ በዶፕለር አልትራሳውንድ ሲታይ በእናቲቱ ራስ ውስጥ ስላለው የደም ፍሰት ያለ መርፌና ያለ ጨረር መረጃ ይሰጣል። ጥናቶቹ በአመዛኙ የተነሡት ታማሚዋን ከጤነኛዋ ለመለየት ነው፤ ሆኖም የታማሚዋ ቁጥር ትርጉም የሚያገኘው የጤነኛዋ ቁጥር አስቀድሞ በትክክል ሲታወቅ ነው። ይህ ዳሰሳ ትኩረቱን በጤናማ እርግዝና ላይ ያደረገውም ስለዚህ ነው። በጃፓን፣ በብራዚልና በለንደን የተሰበሰበው ዕውቀት በአርጆ፣ በነቀምትና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ላሉ ነፍሰ ጡሮች ምን ያህል እንደሚያገለግል መመዘን ደግሞ የዳሰሳው ሁለተኛ ተግባር ነው።

ይህ ሥር የሚመረጥበት ምክንያት ከመነሻው ይጀምራል። ወደ አንጎል ደም ከሚወስዱት ዋና ሥሮች አንዱ የውስጠኛው ካሮቲድ ይባላል፤ በአንገት ግራና ቀኝ ወጥቶ ወደ ራስ ቅል ከገባ በኋላ ከሚያወጣቸው ቅርንጫፎች የመጀመሪያው ታላቅ ቅርንጫፍ የዓይን ደም ቅዳ ነው። ቅርንጫፉ ከእይታ ነርቭ ጋር በአንድ የአጥንት ቀዳዳ አልፎ ወደ ዓይን ጉድጓድ ይገባና ብርሃን ተቀባይ የሆነውን ስስ ድርብ ማለትም ሬቲናን፣ የዓይን ጡንቻዎችን፣ የእንባ ዕጢን፣ የዓይን ቆብንና የግንባርን ቆዳ ሳይቀር ይመግባል። ስፋቱ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ነገር ግን አመጣጡ ከአንጎል ሥሮች ጋር አንድ በመሆኑ፣ በአሠራሩም ስለሚመስላቸው፣ በአንጎል ውስጥ የሚደርሰውን የደም ፍሰት ለውጥ በከፊል ያንጸባርቃል ተብሎ ይታመናል። የአንጎልን ሥሮች በቀጥታ ማየት አስቸጋሪ ነው፤ የራስ ቅል አጥንት የድምፅ ሞገድን ይውጣልና። እ.ኤ.አ. በ1982 ኦስሊድ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በጆሮ ግንድ በኩል ባለው ቀጭን አጥንት አሳልፈው የአንጎልን ፍሰት የሚለኩበትን ዘዴ ቢያስተዋውቁም፣ አጥንታቸው ሞገዱን በበቂ ሁኔታ የማያሳልፍ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በዓይን በኩል ግን በሞገዱና በሥሩ መካከል ያለው የተዘጋው ቆብና ለስላሳው የዓይን አካል ብቻ ነው።

ዶፕለር የሚለው ስም የመጣው ከኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ክርስቲያን ዶፕለር ነው። ሊቁ እ.ኤ.አ. በ1842 በፕራግ ባቀረበው ጽሑፍ፣ የሞገድ ምንጭና ተመልካች ሲቀራረቡ ሞገዱ እንደሚጠብብ፣ ሲራራቁ ደግሞ እንደሚሰፋ አመለከተ፤ የአምቡላንስ ጩኸት ሲቀርብ ቀጥኖ፣ አልፎ ሲሄድ ወፍሮ የሚሰማው በዚሁ ሕግ ነው። በሕክምና መሣሪያው ከሰው ጆሮ በላይ የሆነ የድምፅ ሞገድ ወደ ሰውነት ይላካል፤ ሞገዱ በሚንቀሳቀሱት ቀይ የደም ሴሎች ላይ ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ ተለውጦ ይገኛል፤ ከለውጡም የደሙ ፍጥነት ይሰላል። ድምፅ በሰውነት ውስጥ በሴኮንድ 1,540 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ በ7 ሜጋ ኸርዝ የተላከ ሞገድ በሴኮንድ 35 ሳንቲ ሜትር ከሚፈስ ደም ላይ ነጥሮ ሲመለስ የሚያሳየው ልዩነት 3,200 ኸርዝ ያህል ነው፤ ይህም የሰው ጆሮ የሚሰማው መጠን በመሆኑ መርማሪዋ ፍሰቱን በስክሪን ከማየቷ በተጨማሪ ምቱን በድምፅ ትሰማዋለች። ስሌቱ ግን በአንድ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሞገዱ ወደ ሥሩ የሚገባበት ማዕዘን በታወቀና በጠበበ መጠን የሚገኘው ፍጥነት እውነተኛ ይሆናል፤ ማዕዘኑ ሲሰፋ ትንሽ የግምት ስሕተት ትልቅ የፍጥነት ስሕተት ትወልዳለች።

አልትራሳውንድ ለእርግዝና መዋል የጀመረው የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1958 የታወቀውን ጽሑፋቸውን ካወጡ ወዲህ ነው። የዶፕለር ስልት በዚያው ዐሥርት ዓመት በጃፓን በሳቶሙራ ሥራ ለልብ ምርመራ ታሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በደብሊን ፊትዝጄራልድና ድረም በእትብት ውስጥ ያለውን ፍሰት፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ በለንደን ካምቤልና ባልደረቦቹ ወደ ማህፀን የሚሄደውን ፍሰት ለኩበት። የእናት ዓይን ደም ቅዳ ተራው የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ቀዳሚዎቹ የጃፓን ተመራማሪዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የብራዚል ሐኪሞች በጤናማ ነፍሰ ጡሮች ላይ የመደበኛ ቁጥሮችን ሠንጠረዥ ለማዘጋጀት በብዛት ደከሙ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በለንደን በኒኮላይደስ የሚመራው የፅንስ ሕክምና ቡድን በሺዎች በሚቆጠሩ እናቶች ላይ ምርመራውን አስፋፍቶታል።

የምርመራው አካሄድ ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄን ይፈልጋል። እናቲቱ ጥቂት ደቂቃዎች ካረፈች በኋላ ትጋደማለች፤ እርግዝናው የገፋ ከሆነ ማህፀኑ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ታላቅ ሥር እንዳይጫን ወደ ግራ ጎኗ ትንሽ ዘንበል ማለት ይኖርባታል። ዓይኖቿን ጨፍና በቆቧ ላይ ጄል ይደረግና፣ ሊኒየር ፕሮብ የሚባለው ቀጥ ያለ ፊት ያለው የመሣሪያው ክፍል በቀስታ ይቀመጣል፤ መርማሪዋ እጇን በግንባር ወይም በጉንጭ ላይ አሳርፋ ክብደቱ በዓይኑ ላይ እንዳይወድቅ ታደርጋለች። ይህ ለእናቲቱ ምቾት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ዓይን ሲጫኑት በውስጡ ያለው ግፊት ከፍ ስለሚል፣ ልብ በምትላላበት ጊዜ የሚፈሰው ደም ይቀንስና ጤናማዋ እናት የሌላትን ቁጥር ይዛ ትነሣለች። ሥሩ የሚፈለገው ከዓይን ኳስ በስተጀርባ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ከእይታ ነርቭ በአፍንጫ በኩል ባለው ወገን ነው፤ የማዕዘኑ ስፋት ከ20 ዲግሪ በታች እንዲሆን ይመከራል። የለንደኑ ቡድን የቀኙንና የግራውን ዓይን እያፈራረቀ ሁለት ሁለት ጊዜ ለክቶ የአራቱን አማካይ ይወስዳል፤ በአንድ ዓይን አንድ ጊዜ በተለካ ቁጥር ላይ መተማመን እንደማይገባ ይህ አሠራር ያስተምራል።

በስክሪኑ ላይ የሚወጣው መስመር ሁለት ጫፎች አሉት። ልብ ተኮማትራ ደም ስትረጭ ፍጥነቱ በአንድ ጊዜ ያሻቅባል፤ ይህ የመጀመሪያው ጫፍ ነው። ጥቂት ዝቅ ካለ በኋላ እንደገና ከፍ ይልና ሁለተኛውን ጫፍ ይሠራል፤ ከዚያም ልብ በምትላላበት ጊዜ ቀስ እያለ እየወረደ እስከሚቀጥለው ምት ይቆያል። ሁለተኛው ጫፍ የሚፈጠረው በአመዛኙ የግፊቱ ሞገድ ከጥቃቅኖቹ ሥሮች ነጥሮ ሲመለስ ነው ተብሎ ይታሰባል። ሥሮቹ የላሉና ተለጣጭ ከሆኑ የሚመለሰው ሞገድ ዘግይቶና ደክሞ ይደርሳል፤ ከጠነከሩ ወይም ከተኮማተሩ ፈጥኖና በርትቶ ይመጣል። ስለሆነም የሁለተኛው ጫፍ ፍጥነት ለመጀመሪያው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ የጫፎች ንጽጽር የሚባለው፣ ከሌሎቹ መለኪያዎች ይልቅ በዛሬው ጊዜ ከፍተኛ ትኩረት አግኝቷል። ንጽጽሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ በማዕዘን ምክንያት የሚመጣው ስሕተት ሁለቱንም ጫፎች በእኩል ስለሚነካ በማካፈሉ ይጠፋል።

ከዚህ ሌላ ሁለት የቆዩ መለኪያዎች አሉ። የተቃውሞ መለኪያ የሚባለው፣ ከከፍተኛው ፍጥነት ላይ በምቱ መጨረሻ ያለው ፍጥነት ተቀንሶ ለከፍተኛው ፍጥነት ሲካፈል የሚገኝ ነው፤ የመዋዠቅ መለኪያ የሚባለው ደግሞ ያንኑ ልዩነት ለአማካዩ ፍጥነት ያካፍላል። ለምሳሌ በአንዲት ጤናማ ነፍሰ ጡር ላይ የመጀመሪያው ጫፍ በሴኮንድ 35 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 19፣ በምቱ መጨረሻ ያለው ደግሞ 8 ቢሆን፣ የጫፎች ንጽጽሩ 0.54፣ የተቃውሞ መለኪያው 0.77 ይሆናል። እነዚህ ለማስረዳት የተወሰዱ ቁጥሮች ናቸው፤ ነገር ግን በጤናማ እርግዝና ከተዘገቡት መጠኖች የራቁ አይደሉም። ንጽጽሩ በጤናማ እናቶች ዘንድ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል።

በጤናማ እርግዝና ውስጥ ይህ ሥር ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ከሁሉ የሚያጓጓው ነው፤ ምክንያቱም የቀረው ሰውነት በከፍተኛ ለውጥ ውስጥ ነው። የደሙ መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ ልብ በደቂቃ የምትረጨው ደም ከ30 እስከ 50 በመቶ ያድጋል፤ በሌላ በኩል የሥሮቹ ተቃውሞ ስለሚቀንስ የደም ግፊት በእርግዝናው አጋማሽ ዝቅ ይልና ወደ መጨረሻው ወደ ቀድሞ ደረጃው ይመለሳል። ወደ ማህፀን የሚሄዱት ሥሮች ጡንቻቸውን አጥተው ስለሚሰፉ በዶፕለር ሲለኩ የተቃውሞ መለኪያቸው ከሳምንት ሳምንት በግልጽ ይወርዳል። የዓይን ደም ቅዳ ግን እንዲህ አይደለም። ብዙዎቹ ጥናቶች ከእርግዝናው አጋማሽ እስከ መጨረሻው ድረስ መለኪያዎቹ ብዙም እንደማይለወጡ ሲያሳዩ፣ ሌሎች በተቃውሞው ላይ ትንሽ መውረድን ዘግበዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚመጣው በተመረመሩት ሴቶች ቁጥር ማነስ፣ በአለካክ ልዩነትና አንዲትን እናት በተከታታይ ከመለካት ይልቅ የተለያዩ እናቶችን በተለያየ ሳምንት በማነጻጸር ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የጋራ ሆኖ የሚወጣው ሐሳብ ግን ጠንካራ ነው፤ አንጎልና የዓይን ጉድጓድ ከቀረው ሰውነት ማዕበል የሚጠበቁበት የራስ በራስ ቁጥጥር አላቸው፤ ይህም ሥሮቹ እንደ ግፊቱ መጠን እየጠበቡና እየሰፉ ፍሰቱን እኩል የሚያደርጉበት ችሎታ ነው። የጤናማዋ ነፍሰ ጡር ዓይን ደም ቅዳ ጸጥ ብሎ መታየቱ ይህ ችሎታ ሥራውን እየሠራ መሆኑን የሚያመለክት በመሆኑ፣ ምንም ለውጥ አልተገኘም ተብሎ የሚታለፍ ውጤት ሊሆን አይገባውም።

ቁጥጥሩ ሲናጋ ምን እንደሚመጣ የሚታየው በፕሪኤክላምፕሲያ ነው። ይህ ሕመም ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የደም ግፊት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ ወይም የኩላሊት፣ የጉበት፣ የአንጎል ወይም የእንግዴ ልጅ መጎዳት ሲታይ የሚሰጠው ስም ሲሆን፣ መንቀጥቀጥ ሲጨመርበት ኤክላምፕሲያ ይባላል። የዓይን ብዥታ፣ የብልጭታ መታየትና ኃይለኛ ራስ ምታት ከአስጊ ምልክቶቹ መካከል ናቸው፤ አልፎ አልፎም የሬቲና መላቀቅና ጊዜያዊ ዕውርነት ይከተላል። በዶፕለር ሲታይ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ይከሰታል። በማህፀን ሥሮች ላይ ተቃውሞው ሲጨምር፣ በዓይን ደም ቅዳ ላይ ግን ይቀንሳል፤ ልብ በምትላላበት ጊዜ የሚፈሰው ደም ይበዛል፤ ሁለተኛው ጫፍም ከፍ ብሎ ወደ መጀመሪያው ይጠጋል። ታካታ፣ ናካትሱካ እና የጃፓን ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 በማህፀን፣ በዓይንና በክንድ ሥሮች መካከል ያለውን ይህን ልዩነት ካሳዩ ወዲህ፣ የተቃውሞው መውረድ ከመጠን በላይ የሆነ ደም ወደ ራስ መጉረፉን ያመለክታል የሚለው ትርጓሜ ተቀባይነት አግኝቷል። የሁለተኛው ጫፍ ከፍታና የተቃውሞው ዝቅታ በአንድ ሥር ላይ እንዴት አብረው እንደሚገኙ የሚደረገው ክርክር ግን አልተዘጋም፤ አንዳንዶች የትልልቆቹን ሥሮች መጠንከር፣ ሌሎች የጥቃቅኖቹን መላላት ያስቀድማሉ።

ከዚህ ተነሥቶ ሕመሙን ከመምጣቱ በፊት ማወቅ ይቻል እንደሆነ ተጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ካላፋትና ባልደረቦቹ ያወጡት የጥናቶች ማጠቃለያ ምርመራው ተስፋ የሚሰጥ፣ በተለይም ቀድሞ ለሚመጣው የፕሪኤክላምፕሲያ ዓይነት የሚረዳ መሆኑን አሳይቷል፤ የለንደኑ ቡድንም የጫፎች ንጽጽር ከእናቲቱ የጤና ታሪክና ከደም ግፊቷ ጋር ሲጣመር ትንበያውን እንደሚያሻሽል በተለያዩ የእርግዝና ሳምንታት አረጋግጧል። ጠቃሚው ቃል ሲጣመር የሚለው ነው። ብቻውን የሚቆም የዓይን ዶፕለር ብዙ ጤነኞችን በስጋት መዝገብ ያስገባል፤ ጥቂት ታማሚዎችንም ያሳልፋል። በዚህ ላይ ንጽጽሩ በእናቲቱ ዕድሜ፣ ክብደትና የደም ግፊት የሚለዋወጥ በመሆኑ፣ አንድ ወጥ የመቁረጫ ቁጥር ለሁሉም አገር ማወጅ ከሳይንሱ ይልቅ ለችኮላ የቀረበ ነው።

እንግዲህ ይህ ዕውቀት ወደ ወለጋ ሲመጣ የሚያገኘው ሁኔታ ምን ይመስላል? አርጆ በምሥራቅ ወለጋ ዞን፣ ከነቀምት ወደ በደሌ በሚወስደው አቅጣጫ የምትገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት የደጋ ከተማ ናት። ከእርሷ ወረድ ሲሉ የደዴሳ ወንዝ ሸለቆና የአርጆ ደዴሳ ስኳር ፋብሪካ የአገዳ እርሻ የሚገኙበት፣ ሙቀትና ወባ የሚበዛበት ቆላ ይዘረጋል። ከባድ ሕመም የገጠማት እናት ወደ ነቀምት ትላካለች፤ በዚያም በስዊድን ሚስዮናውያን ሥራ የተመሠረተው አንጋፋው የነቀምት ሆስፒታልና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ይገኛሉ፤ ወደ ምዕራብ ደግሞ የጊምቢ አድቬንቲስት ሆስፒታልና የአይራ ሆስፒታል ለዘመናት እናቶችን ሲቀበሉ ኖረዋል። በኢትዮጵያ የጤና አወቃቀር መሠረት ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግሉ ታስበዋል፤ እናቲቱ የምታልፈው በእነዚህ ደረጃዎች ነው። ባለፉት ዓመታት በወለጋ የደረሰው የጸጥታ መታወክ መንገዶችን ስለዘጋና ሪፈራልን ስላሰናከለ፣ በሕመሙ መጀመሪያና በሆስፒታሉ በር መካከል ያለው ጊዜ ረዝሟል፤ ስጋትን አስቀድሞ ማወቅ እዚህ ከለንደን ይልቅ የበለጠ ዋጋ ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አገራዊው ገጽታ መሻሻልንና ጉድለትን አብሮ ያሳያል። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱ እናቶች ግምት እ.ኤ.አ. በ2000 871 የነበረው በ2016 ወደ 412 ወርዷል፤ በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች በ2016 26 በመቶ የነበሩት በ2019 48 በመቶ ደርሰዋል። ነገር ግን በ2016 በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ የእርግዝና ክትትል የጀመሩት 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር ለዓይን ዶፕለር ቀጥተኛ ትርጉም አለው፤ ለከፍተኛ ስጋት የተጋለጠች እናት የምትወስደው አነስተኛ አስፕሪን የሚጠቅመው ቀደም ብሎ፣ ከ20ኛው ሳምንት በፊት ሲጀመር በመሆኑ፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችን እናት በማንኛውም ረቂቅ መሣሪያ መመርመር ያለፈውን ጊዜ አይመልስም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አስፕሬ የተባለው ጥናት በከፍተኛ ስጋት ላይ ባሉ እናቶች 150 ሚሊ ግራም አስፕሪን ከ37ኛው ሳምንት በፊት የሚመጣውን ፕሪኤክላምፕሲያ በ62 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ማግፓይ የተባለው ጥናት ደግሞ ከ10,000 በላይ ሴቶችን አካትቶ ማግኒዚየም ሰልፌት የመንቀጥቀጡን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ሁለቱም መድኃኒቶች ርካሽ ናቸው፤ የሚጎድለው እናቲቱን በጊዜ መለየት ነው።

የከፍታ ጉዳይ በውጭ ጽሑፎች ብዙም የማይነሣ፣ ለአርጆ ግን ዋና ጥያቄ ነው። በኮሎራዶና በቦሊቪያ ተራሮች በተደረጉ ጥናቶች ከፍታ ሲጨምር ፕሪኤክላምፕሲያ እንደሚበዛና የፅንስ ክብደት እንደሚቀንስ ታውቋል፤ የኦክስጅን ማነስም የአንጎልን ፍሰት የመለወጥ ኃይል አለው። በሌላ በኩል ሲንቲያ ቢል እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 በሰሜን ኢትዮጵያ በ3,530 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ የአምባራስ ሰዎች ላይ ባወጡት ጥናት፣ ሄሞግሎቢናቸውም ሆነ በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን በዝቅተኛ ቦታ ካሉት ሰዎች እምብዛም እንደማይለይ አግኝተዋል፤ ይህም ከአንዲስና ከቲቤት ነዋሪዎች የተለየ ነው። የአርጆ ከፍታ ከአምባራስ ያንሳል፤ ሕዝቡም ሌላ ሕዝብ ነው። ስለዚህ የአንዱን ውጤት ወስዶ ለሌላው መስጠት አይቻልም፤ በባሕር ዳርቻ በምትገኘው በብራዚሏ ሪዮ ወይም በለንደን የተዘጋጀን ሠንጠረዥ እንዳለ መውሰድም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የሄሞግሎቢን መለኪያ እንደየከፍታው እንዲስተካከል የሚያዝ ከሆነ፣ የራስን ፍሰት የሚለካ ቁጥር ያለ ማስተካከያ ሊተላለፍ የሚችልበት ምክንያት የለም።

በአርጆ ዙሪያ ከደጋው ወደ ደዴሳ ሸለቆ የአንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁለት መኖሩ ጉዳዩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። በቆላው ወባ የደም ማነስን ያመጣል፤ ደም ሲሳሳ ደግሞ የመጣበቅ ባሕርዩ ስለሚቀንስ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ልብም አብዝታ ትረጫለች። የደም ማነስ ያላት ጤነኛ የመሰለች የቆላ እናት በዓይን ደም ቅዳዋ ላይ ፈጣን ፍሰት ብታሳይ፣ ይህ ከፕሪኤክላምፕሲያ መነሻ ጋር ሊምታታ ይችላል። ጤናማ እርግዝና የሚለው ቃል ራሱ በዚህ ቦታ መተንተን አለበት፤ የደም ግፊቷ ልክ የሆነ፣ ነገር ግን ሄሞግሎቢኗ ዝቅ ያለ እናት ከመደበኛው ሠንጠረዥ ትግባ ወይስ ትውጣ የሚለውን ሳይወስኑ የሚጀመር መለካት ፍሬው ጥቂት ነው።

የመሣሪያው ጥያቄ እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። ለዓይን የሚያስፈልገው ሊኒየር ፕሮብ ለአንገት ዕጢ ምርመራ የሚያገለግለው ዓይነት ነው፤ ወለጋም እንቅርት በብዛት የታየበት አካባቢ በመሆኑ ለባለሙያዎቹ እንግዳ አይሆንባቸውም። ችግሩ ያለው በሌላ ነው። በጤና ጣቢያዎች የሚገኙት ቀላል ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ፅንሱንና የእንግዴ ልጁን ቦታ ቢያሳዩም፣ ፍጥነትን በመስመር የሚጽፈውን የዶፕለር ክፍል ብዙ ጊዜ አይዙም። ከዚህ በላይ የደኅንነት ጉዳይ አለ፤ ዓይን በቀላሉ የሚሞቅና ሙቀቱን ቶሎ የማያስወግድ አካል ስለሆነ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለዓይን የወሰነው የድምፅ ኃይል በካሬ ሳንቲ ሜትር 50 ሚሊ ዋት ሲሆን ይህም ለሌላው አካል ከተፈቀደው እጅግ ያነሰ ነው። መሣሪያውን ለሆድ ምርመራ በተዘጋጀበት ኃይል ይዞ ወደ እናቲቱ ዓይን መሄድ አይፈቀድም፤ ለዓይን የተዘጋጀው ቅንብር መመረጥና የምርመራው ጊዜ በደቂቃዎች መገደብ አለበት። በዓይኗ ላይ ቁስል ወይም ቀዶ ሕክምና ያላት እናትም አትነካም።

የእናቲቱ ፈቃድ ሌላው ጉዳይ ነው። በአርጆና በነቀምት ዙሪያ አብዛኞቹ እናቶች የሚናገሩት ኦሮምኛ በመሆኑ፣ ለእርግዝና ክትትል መጥታ ዓይኗ እንደሚመረመር የተነገራት እናት ምክንያቱን በገዛ ቋንቋዋ፣ ከምታምናት አዋላጅ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አፍ ልትሰማ ይገባል። ጤነኛ ሆና የመጣች ሴት ያለ በቂ ማብራሪያ ዓይኗ ላይ ጄል ተደርጎ ብትመለስ፣ ሌሎች እናቶች ከክትትል እንዲሸሹ ምክንያት ይሆናል፤ ይህም ከምርመራው ከሚገኘው ጥቅም ይበልጥ ይጎዳል።

በእነዚህ ሁሉ ላይ ተመሥርቶ ቅደም ተከተሉን መወሰን ይቻላል። በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ደረጃ የዓይን ዶፕለር ቦታ የለውም፤ በዚያ የሚያስፈልገው በትክክል የሚሠራ የደም ግፊት መለኪያ፣ የሽንት መመርመሪያ ወረቀት፣ ስለ ራስ ምታትና ስለ ዓይን ብዥታ በየክትትሉ የሚጠይቅ ባለሙያ፣ ማግኒዚየም ሰልፌትና የሚደርስ አምቡላንስ ነው። እነዚህ ሳይሟሉ ስለ ጫፎች ንጽጽር መነጋገር እናቶችን አያድንም። በነቀምት ባሉት ሆስፒታሎች ግን ሁኔታው የተለየ ነው፤ የደም ግፊቷ በድንበሩ ላይ ያለች፣ የሽንት ምርመራ ውጤቷ ያልጠራ እናት ስትመጣ፣ ከሩቅ ወረዳ የመጣችን ሴት ወደ ቤቷ መመለስ ወይስ በእናቶች ማቆያ ማስቀመጥ የሚለውን ለመወሰን ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የዓይን ደም ቅዳ ምርመራ ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ ውስጥ ይህን ሊሰጥ ይችላል።

ለዚያ ደግሞ የራስ ሠንጠረዥ ግድ ነው። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የማህፀንና ጽንስ፣ የራዲዮሎጂ፣ የዓይን ሕክምና እና የአዋላጅ ነርስነት ክፍሎች በአንድነት ሆነው፣ ከአርጆ ደጋ፣ ከነቀምትና ከደዴሳ ሸለቆ ጤናማ ነፍሰ ጡሮችን በፈቃዳቸው መርጠው፣ ያችኑ እናት ከእርግዝናዋ መጀመሪያ እስከ ወለደች በኋላ ድረስ በተከታታይ ቢለኩ፣ የሄሞግሎቢኗን፣ የደም ግፊቷንና የመኖሪያዋን ከፍታ አብረው ቢመዘግቡ፣ ውጤቱ ለወለጋ ብቻ ሳይሆን በደጋ ለሚኖረው ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ሕዝብ ያገለግላል። ሥራው አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፤ ያለውን መሣሪያ በሥርዓት መጠቀምን፣ ሁለት ወይም ሦስት መርማሪዎችን በሚገባ ማሠልጠንንና ለጥቂት ዓመታት ሳይሰለቹ መመዝገብን ይጠይቃል። የክፍሎቹ ኃላፊዎች፣ የክልሉ ጤና ቢሮና ጤና ሚኒስቴር ይህን ጥናት ከታማሚዋ ሳይሆን ከጤነኛዋ እናት እንዲጀምሩት ይገባል።